የሞዛርት 41ኛ ሲምፎኒ መደምደሚያ

ኮንትራፑንት የሚባለው የሙዚቃ ጥበብ በብዙ ሰው ዘንድ የሊቃውንት መራቀቂያ እንጂ የአድማጭ ደስታ እንዳልሆነ ተደርጎ ይታሰባል። የቃሉ ምንጭ ላቲን ሲሆን ትርጉሙ ነጥብ በነጥብ አንጻር ማለት ነው፤ ይኸውም ሁለት ወይም ከዚያ የበለጡ ዜማዎች እያንዳንዳቸው የራሳቸውን መንገድ ሳይለቁ በአንድነት የሚሰሙበት አሠራር ነው። ጆሯችን አንዱን ዜማ ሁሉም በኅብረት ለሚያዜምበት ልማድ የቀና ስለ ሆነ ነገሩ እንግዳ ይመስለን ይሆናል፤ ነገር ግን የዶርዜ ሰዎች ሲዘፍኑ የሰማ ሁሉ፥ ድምፅ ከድምፅ ተለያይቶ እንዴት እንደሚስማማ ያውቀዋል። ይህ ጥበብ ላልተማረ አድማጭም ሊገባው እንደሚችል የሚያስረዳ ሥራ ጥቀሱ ብንባል፥ ያለ ማመንታት የምንጠራው የቮልፍጋንግ አማዴዎስ ሞዛርትን 41ኛ ሲምፎኒ፥ ይልቁንም የመጨረሻውን አራተኛ ክፍል ነው።

ሞዛርት ይህን ሥራ በቪየና ከተማ የፈጸመው በአውሮፓ አቆጣጠር ኦገስት 10 ቀን 1788 ነው። ጁን 26 እና ጁላይ 25 ቀን ሌሎች ሁለት ሲምፎኒዎችን ጨርሶ ነበርና፥ ሦስቱም የአንድ በጋ ልጆች ናቸው። በጋው ግን ለደራሲው የደስታ ወራት አልነበረም። ጁን 29 ቀን የስድስት ወር ሕፃን ልጁ ሞታበታለች፤ ለወዳጁ ለሚካኤል ፑክበርግም ገንዘብ እንዲያበድረው እየደጋገመ ይጽፍለት ነበር። ከዚህ ሁሉ ጭንቀት መካከል እንዲህ ያለ ብሩህ ሙዚቃ መውጣቱ ያስደንቃል።

«ጁፒተር» የሚለውን ስም ያወጣለት ሞዛርት አይደለም። ጀርመኖች ደግሞ በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን «መደምደሚያው ፉግ የሆነ ሲምፎኒ» ይሉት ነበር። ፉግ ማለት አንዱ ድምፅ የጀመረውን ዜማ ሌላው እየተቀበለ፥ ሦስተኛውም እየተከተለ የሚሠራ ድርሰት ነው። ይህ ስያሜ ለእኛ አያስደስተንም። ክፍሉ በአካሄዱ እንደ ዘመኑ ሲምፎኒ ሁሉ ዜማዎቹን ያቀርባል፥ ወደ ሩቅ አገር ወስዶ ያንገላታል፥ መልሶም ወደ ቤታቸው ያገባቸዋል። የፉግ ጥበብ በየመካከሉ ብቅ እያለ ይታያል እንጂ የቤቱ ምሰሶ አይደለም። ልዩነቱም የስም ብቻ ሳይሆን የሥራው ምሥጢር ራሱ ነው።

ምሥጢሩ ምንድን ነው ቢሉ፥ ሞዛርት አምስቱን ዜማዎች በአንድነት ከማሰማቱ በፊት ከአድማጩ ጋር አንድ በአንድ ያስተዋውቃቸዋል። መጀመሪያ ቫዮሊኖች በለሆሳስ አራት ረጃጅም ድምፆች ያሰማሉ፤ ዶ፥ ሬ፥ ፋ፥ ሚ። ከዚህ የቀለለ ነገር የለም፤ ሕፃን እንኳ አንድ ጊዜ ሰምቶ ሊይዘው ይችላል። ቀጥሎ መላው ኦርኬስትራ ከላይ ወደ ታች በደረጃ የሚወርድ ኀይለኛ ዜማ ያሰማል። ወደ ላይ በፍጥነት የሚሮጥ አጭር ሐረግም ይከተላል፤ ከዚያም ለዘብ ያለው ሁለተኛው ዋና ዜማ ከአጃቢው ጋር ይመጣል። እያንዳንዱ ጠባዩ የተለየ ስለ ሆነ ከሌላው ጋር አይምታታም። በዚህ መካከል አራቱን ድምፆች ባለ አውታሮቹ መሣሪያዎች እየተቀባበሉ በፉግ ሥርዓት ያሰሟቸዋል፤ ይህም ወደ ፊት ለሚመጣው ነገር ጆሮን ማለማመጃ ነው።

መጨረሻው ሲቃረብ ሙዚቃው በድንገት ዝግ ይላል፤ አራቱ ድምፆች ተገልብጠው፥ ወደ ላይ የነበረው ወደ ታች ሆኖ፥ በጭምጭምታ ይሰማሉ። ከዚያ በኋላ አንደኛ ቫዮሊን፥ ሁለተኛ ቫዮሊን፥ ቪዮላ፥ ቼሎና ባስ አምስቱን ዜማዎች ተከፋፍለው ይነሣሉ። አንዱ ክፍል ይዞት የነበረውን ዜማ ለሌላው ትቶ እርሱ ወደሚቀጥለው ያልፋል፤ አሁን ከላይ የነበረው ጥቂት ቆይቶ ከታች መሠረት ይሆናል። አምስት ዜማ በየትኛውም ቦታ ቢቀመጥ እርስ በርሱ ሳይጣላ እንዲሄድ ማድረግ ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ የሞከረው ያውቀዋል። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው ወደ 30 በሚሆኑ የሙዚቃ ልኮች ውስጥ ነው፤ ደቂቃ እንኳ አይሞላም።

ይህ የሒሳብ ሥራ ነው የሚሉ አሉ። ሒሳቡ መኖሩን አንክድም፤ ሲሞን ዜክተር የተባለው የቪየና መምህር በ1843 ዜማዎቹን እየነጣጠለ አሳይቶታል። ሆኖም አድማጩ በዚያ ሰዓት የሚሰማው ቀመር ሳይሆን፥ ለየብቻ ያወቃቸው ወዳጆቹ በአንድ አዳራሽ ተገናኝተው ሲጫወቱ ነው። ሞዛርት አምስቱን ዜማዎች ሳያስተዋውቅ በአንድ ጊዜ ቢያዘንብብን ኖሮ ጥበቡ ያው ሆኖ ደስታው በጠፋ ነበር።

ትምህርቱንም ከየት እንዳገኘው የታወቀ ነው። በ1782 በባሮን ቫን ስቪተን ቤት እሑድ እሑድ በሚደረገው ስብሰባ የባህንና የሄንድልን ሥራዎች ያጠና ነበር። አራቱ ድምፆች ደግሞ ከጥንት የቤተ ክርስቲያን ዜማ የወረደ የቆየ ሀብት ናቸው፤ እርሱም በስምንት ዓመቱ ለንደን ሳለ በጻፈው የመጀመሪያ ሲምፎኒው፥ በ1774ም በአንድ የቅዳሴ ድርሰቱ ተጠቅሞባቸዋል።

የምንወቅሰው ሥራውን ሳይሆን አንዳንድ የኦርኬስትራ መሪዎችን ነው። ክፍሉ ፈጣን መሆን እንዳለበት ደራሲው ራሱ ጽፏል፤ ነገር ግን እነዚያን 30 ልኮች እንደሚያመልጥ ፈረስ ሲያስጋልቧቸው አምስቱ ዜማ አንድ ጫጫታ ይሆናል። ቪዮላው ካልተሰማ ከአምስቱ አንዱ ጎደለ ማለት ነው። ጥሩምባና ነጋሪትም በዚያ ዘመን ጥቂት ድምፆች ብቻ የሚያወጡ መሣሪያዎች ነበሩ፤ ሞዛርት ለእነርሱ የከባዱን ሥራ ድርሻ አልሰጣቸውም። ተራቸው የሚመጣው ኋላ ነው፦ አምስቱ ዜማ ተፈትቶ ሲያበቃ፥ ረቂቁ ነገር ሁሉ ቀርቶ፥ ማንም ሰው በሚያውቀው የሰልፍ ድምፅ እነርሱ በሩን ይዘጋሉ።