የመመናመን ግሶች፦ «ድዊንድል» የተባለው የእንግሊዝኛ ግስ በአማርኛ አፈታት ላይ የቀረበ ሒስ

ማነስን የሚገልጹ የእንግሊዝኛ ግሶች ወደ አማርኛ ሲመለሱ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሁለት ቃላት ይጠቀለላሉ፤ ወደ «ቀነሰ» እና ወደ «አነሰ»። «ዲክሪስ»፣ «ሽሪንክ»፣ «ዲሚኒሽ» እና «ድዊንድል» በምንጩ ቋንቋ የየራሳቸው ባለቤትና የየራሳቸው አካሄድ አላቸው፤ በዜናና በሪፖርት አማርኛ ግን ልዩነታቸው ይደበዝዛል። ከአራቱ ይልቅ ችግሩን አጉልቶ የሚያሳየው «ድዊንድል» ነው፤ አማርኛ በፍቺም በአመሠራረትም የሚቀርበው ግስ እያለው ተርጓሚው ዘወትር ወደ ጠቅላላው ቃል ይሄዳልና።

«ድዊንድል» በጽሑፍ መታየት የጀመረው በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ነው። ከቀደምት መገኛዎቹ አንዱ የሼክስፒር «ሄንሪ አራተኛ» ተውኔት ሲሆን በዚያ ቃሉን ስለ ገዛ ሰውነቱ መክሳት የሚናገርበት ወፍራሙ ፎልስታፍ ነው። መሠረቱ «ድዋይን» የተባለው፣ መክሳትንና መጥፋትን የሚገልጸው የቆየ ግስ ነው። መጨረሻው ላይ ያለው የ«ል» ቅጥያ «ስፓርክ»ን ወደ «ስፓርክል»፣ «ክራክ»ን ወደ «ክራክል» እንደሚለውጠው ሁሉ ድግግሞሽን ወይም ጥቃቅንነትን ይጨምራል። በዛሬው እንግሊዝኛ የግሱ ባለቤት በአብዛኛው የብዙ ነገሮች ስብስብ ወይም ተከፍሎ የሚያልቅ ነገር ነው፤ መንጋ፣ ስንቅ፣ ገንዘብ፣ ተስፋ። ግሱ ኢተሻጋሪ ነው፤ በተሻጋሪነት የሚገባበት ቦታ እጅግ ጥቂት ነው። ድርጊቱ ቀስ በቀስ ይሄዳል፤ አቅጣጫውም ወደ ማለቅ ነው።

«ቀነሰ» እነዚህን ባሕርያት አይሸከምም። አንደኛ፣ ግሱ ተሻጋሪም ኢተሻጋሪም ነው፤ «የሠራተኛው ቁጥር ቀነሰ» እንደሚባል «ድርጅቱ ሠራተኛ ቀነሰ»ም ይባላል። «ድዊንድል» ሁለተኛውን አገባብ አይቀበልም። ሁለተኛ፣ «ቀነሰ» የአንድ ጊዜ ለውጥን ያለ ችግር ይገልጻል፤ «ዋጋው ዛሬ ቀነሰ» ያለ ሰው ነገ «ጨመረ» ሊል ይችላል። ይህ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በሰሜን ተራሮች ብቻ የሚኖረውን ዋልያ እንውሰድ። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1978 (እ.ኤ.አ.) በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ፣ ከ1996 እስከ 2017 (እ.ኤ.አ.) አደጋ ከተጋረጠባቸው ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ቆይቷል። ስለ እንዲህ ያለ እንስሳ «ቁጥሩ ቀነሰ» የሚል ዐረፍተ ነገር መለዋወጥን ይነግራል፤ «ዋልያው ተመናመነ» የሚለው ግን ማለቅን ያስጠነቅቃል። ምንጩ «ድዊንድል» ብሎ ትርጉሙ «ቀነሰ» ካለ፣ ለአንባቢ ሳይደርስ የቀረው ማስጠንቀቂያው ራሱ ነው።

«አነሰ»ም ከዚህ አይሻልም፤ ግሱ ከሂደት ይልቅ ሁኔታን፣ ይልቁንም ከሚያስፈልገው ጋር የተነጻጸረን ሁኔታ ይናገራል። «ደመወዙ አነሰኝ» የሚል ሰው ደመወዙ ዝቅ አለ ማለቱ አይደለም፤ አልበቃኝም ማለቱ ነው። «ድዊንድል» እንዲህ ያለ የመብቃትና ያለመብቃት ሚዛን የለውም።

ቅርቡ አቻ «መነመነ» እና ከእርሱ የወጣው «ተመናመነ» ነው። የ«መነመነ» ሥር የ«መ» እና የ«ነ» ተነባቢዎች ተደግመው የቆሙበት ባለ አራት ተነባቢ ሥር ነው፤ እንግሊዝኛው በቅጥያ ያመለከተውን ዓይነት መደጋገም አማርኛው በሥሩ ድግም ይዞታል። ይሁን እንጂ እንግሊዝኛው በአንድ ቃል የሚሸፍነውን አማርኛ ለሁለት ይከፍለዋል። «በሽተኛው መነመነ»፣ «የማሸነፍ ዕድሉ የመነመነ ነው» ሲባል ባለቤቱ አንድ ሙሉ ነገር ሆኖ ይቀጥናል። «ደኑ ተመናመነ»፣ «ከብቱ ተመናመነ»፣ «ጸጉሩ ተመናመነ» ሲባል ግን ስብስቡ አንድ በአንድ እየጎደለ ይሳሳል። እንግሊዝኛው «ድዊንድል» ለተስፋም ለመንጋም ይሆናል፤ የአማርኛ ተርጓሚ ግን ባለቤቱን ሳይመረምር ከሁለቱ መምረጥ አይችልም።

ሌላው መመርመር ያለበት ጉዳይ የድርጊቱ አካሄድ ነው። «የመነመነ ተስፋ» ያለቀ ሂደት ውጤት ነው፤ ተስፋው አሁን ቀጭን ነው ማለት ብቻ ነው። የእንግሊዝኛው ቦዝ አንቀጽ «ድዊንድሊንግ» ግን ገና በመሄድ ላይ ያለውን ስለሚያሳይ «እየመነመነ ያለ ተስፋ» ይሻላል። ከዚህም በላይ አማርኛ «እየተመናመነ ሄደ» እና «እየተመናመነ መጣ» ብሎ ይለያል። የመጀመሪያው ሂደቱን ከተራኪው እያራቀ ወደ ማለቂያው ይሸኛል፤ ሁለተኛው ሂደቱን እስከ ተናጋሪው ጊዜ ያደርሰዋል። እንግሊዝኛው ይህን የአቅጣጫ ምርጫ በግሱ ውስጥ አያደርግም፤ ስለዚህ ምርጫው የተርጓሚው ነው።

«ተመናመነ»ም ቢሆን የሁሉ ቦታ መድኃኒት አይደለም። ወንዝ ይጎድላል፣ ላም ትነጥፋለች፣ ድምፅ ይሰልላል። በሐረርጌ የሚገኘው የሐረማያ ሐይቅ በ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ እስኪደርቅ የደረሰበትን ለመናገር «ውኃው ጎደለ፣ ከዳር ሸሸ፣ ደረቀ» ማለት ደረጃዎቹን ያሳያል፤ «ሐይቁ ተመናመነ» ቢባል ግን ለጆሮ ይከብዳል፣ ሐይቅ አንድ በአንድ የሚቆጠር ስብስብ አይደለምና። «ሽሪንክ»ም ሌላ መንገድ አለው፤ ታጥቦ ያጠረ ልብስ ተኮማተረ እንጂ ተመናመነ አይባልም።

የቃል ለቃል ዝርዝር ይህን ሁሉ ሊይዝ አይችልም። ቮልፍ ሌስላው በ1973 (እ.ኤ.አ.) ያሳተመው የእንግሊዝኛ–አማርኛ የዐውድ መዝገበ ቃላት የእንግሊዝኛውን ቃል በዐረፍተ ነገር ውስጥ አስገብቶ መተርጎሙ የዚህ ችግር መፍትሔ ጅማሬ ነበር። የቀረው፣ ምሳሌው ለምን ያንን ግስ እንደመረጠ መናገር ነው። ለ«ድዊንድል» የሚሰጥ ጥሩ ፍቺ ቢያንስ ሦስት ነገሮችን ማመልከት ይኖርበታል፤ ባለቤቱ ስብስብ ወይስ አንድ ሙሉ ነገር መሆኑን፣ ሂደቱ በመሄድ ላይ ወይስ ያለቀ መሆኑን፣ አድራጊ መግባት አለመግባቱን። ምንጩ አድራጊ ካለው አማርኛ «አመነመነ» እና «አመናመነ» የሚሉ የተዘጋጁ ቅርጾች አሉት፤ ከሌለው ደግሞ ተርጓሚው ሊጨምርበት አይገባም። እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች በየፍቺው ሥር ቢሰፍሩ «ቀነሰ» ወደ ራሱ ቦታ፣ ወደ ዋጋና ወደ መጠን ይመለሳል፤ የሚመናመነውም ነገር በስሙ ይጠራል።