ሰምቶ ስላላመነ ሐኪም፤ በዶራ ድርሰት ላይ የተጻፈ ሐተታ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ሲሉ አባቶች ይመክራሉ። ምክሩ እውነት ነው፤ ዳሩ ግን ሸክሙን ሁሉ በታማሚው ጫንቃ ላይ ያኖረዋል። በሽታውን ሳይደብቅ የተናገረ፥ ሰሚው ግን ቃሉን ወደ ሌላ የለወጠበት ሰው መድኃኒቱ ወዴት ይገኛል? ይህን ጥያቄ እንድናነሣ የሚያስገድደን የቪየናው ሐኪም ሲግሙንድ ፍሮይድ፥ ዶራ ብሎ ስለ ሰየማት ብላቴና ሕመም ጽፎ በ1905 ያሳተመው ድርሰት ነው። በዚህ ሐተታ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንባቢ ሆይ፥ አስቀድሞ ስለ ትምህርቱ ጥቂት ቃል መናገር ይገባል። ሳይኮአናሊሲስ ማለት የነፍስን ስውር አሳብ በንግግር እየመረመሩ ሕመሟን የማከም ጥበብ ነው። ፍሮይድና በዕድሜ የሚበልጠው ባልንጀራው ዮሴፍ ብሮይር በ1895 ስለ ሂስቴሪያ ባሳተሙት መጽሐፍ፥ በአካላቸው ላይ አንዳች ጉዳት ሳይገኝ እጃቸው ስለሚሰንፍ፥ ድምፃቸው ስለሚዘጋ፥ ዓይናቸው ስለሚፈዝ ሰዎች ጽፈዋል። ከዚያ ዘመን ሐኪሞች ብዙዎቹ እንዲህ ያሉትን ሕሙማን በውሃና በኤሌክትሪክ ያክሟቸው፥ ወይም አስመሳዮች ናቸው ብለው ይንቋቸው ነበር። እነዚህ ሁለቱ ግን ሕመሙ ትርጓሜ አለው፤ በአፍ ሊነገር ያልቻለ ነገር በአካል ይነገራል አሉ። ከብሮይር ሕሙማን አንዲቱ ሕክምናውን ራሷ «በንግግር መፈወስ» ብላ ሰየመችው። ፍሮይድም ሕሙማንን በሰመመን ማስተኛቱን ትቶ፥ ታማሚው በሶፋ ላይ ጋደም ብሎ ወደ ልቡ የመጣውን ሁሉ፥ ነውር ነው ወይም ከንቱ ነው ሳይል፥ እንዲናገር ያደርግ ጀመር።

ይህስ ከኑዛዜ በምን ይለያል የሚል ካህን ቢኖር፥ ጥያቄውን ፍሮይድ ራሱ አንሥቶታል። ሐኪም ያልሆነ ሰው ይህን ሥራ ሊሠራ ይገባዋልን ስለሚለው ክርክር በ1926 በጻፈው መጽሐፍ፥ ተነሳሒ የሚያውቀውን ይናገራል፤ የነፍስ ታማሚ ግን ከሚያውቀው የበለጠ መናገር አለበት የሚል አሳብ ይሰጣል። ልዩነቱ ጥልቅ ነው፤ አደጋውም ከዚሁ ይወለዳል። ታማሚው የማያውቀውን ነገር ሐኪሙ የሚያውቅለት ከሆነ፥ ሐኪሙን ተሳስተሃል የሚለው ማን ነው?

አሁን ወደ ዶራ እንመለስ። እውነተኛ ስሟ ኢዳ ባወር ነው፤ የባለጸጋ ፋብሪካ ባለቤት ልጅ ነበረች። በ1900፥ የ18 ዓመት ልጅ ሳለች፥ አባቷ ወደ ፍሮይድ አመጣት። ሳል ያስቸግራት፥ ድምፅዋም በየጊዜው ይዘጋ ነበር፤ ሕይወቷን ልታጠፋ ማሰቧን የሚገልጥ ደብዳቤም ወላጆቿ አግኝተው ነበር። በድርሰቱ አቶ ካ የተባለ፥ ባለ ትዳር የሆነ የቤተ ሰቡ ወዳጅ፥ ፍሮይድ እንደ ጻፈው ገና በ14 ዓመቷ በሱቁ ውስጥ ለብቻዋ አግኝቶ በግድ ሳማት። ከሁለት ዓመት በኋላም በሐይቅ ዳር ሲሄዱ የማይገባ ነገር ተናገራት፤ እርሷም በጥፊ መትታው ሄደች። ነገሩን ለቤተ ሰቧ ብትገልጥ ሰውዬው ካደ፤ አባቷም ልጄ በአሳቧ የፈጠረችው ነው ብሎ የካጁን ቃል ተቀበለ። አባትዬው ከዚያው ሰው ሚስት ጋር የምስጢር ወዳጅነት ስለ ነበረው፥ ብላቴናይቱ ለዝምታው ዋጋ ሆኜ ተሰጠሁ ብላ ታዝን ነበር።

እዚህ ላይ ለፍሮይድ የሚገባውን ምስጋና መንፈግ አይገባም። አባቷ ያላመናትን እርሱ አመናት፤ ነገሩ በእውነት እንደ ተፈጸመ፥ ስለ አባቷ የምትለውም ከእውነት የራቀ እንዳልሆነ ጽፏል። ዳሩ ግን የሆነውን ነገር ካመነ በኋላ፥ ስለ ሆነው ነገር የተሰማትን አላመነም። እርሷ ሰውዬውን ጠላሁት ስትል፥ እርሱ በስውር ትወጂዋለሽ አላት። በሱቁ ውስጥ የተሰማትን መጸየፍ ተገቢ ስሜት ነው በማለት ፈንታ የሕመም ምልክት አድርጎ ቈጠረው። የ14 ዓመት ልጅ፥ ባለ ትዳር የሆነ ሰው በግድ ሲስማት መጸየፏ እንደ በሽታ የተቈጠረበት ያ ገጽ፥ ዛሬ ያለ ኀፍረት አይነበብም።

ከዚህም የከፋው የትርጓሜው ሥርዓት ነው። ብላቴናይቱ እንዲህ አይደለም ብላ ስትመልስ፥ በስውር አሳብ ውስጥ «አይደለም» የሚባል ነገር የለም ብሎ እንቢታዋን እንደ ምስክርነት ይወስደዋል። እሺ ብትል እውነት፥ እንቢ ብትል ይበልጡን እውነት ከሆነ፥ ይህ ይግባኝ የሌለው ፍርድ ነው። ወቀሳው ለፍሮይድ ደርሶት ኖሮ በ1937 በጻፈው ጽሕፈት መልስ ሰጥቷል፤ የታማሚውን እንቢታ ብቻ ሳይሆን እሺታውንም እንዲሁ አንቀበልም፥ የምንመዝነው ከዚያ በኋላ በሚመጣው ንግግር ነው አለ። መልሱ ብልህነት ያለበት ነው፤ ለዶራ ግን አልደረሰላትም።

በ1900 የመጨረሻ ቀን፥ ሕክምናው 11 ሳምንት ያህል ከቈየ በኋላ፥ ብላቴናይቱ ተሰናብታ ሄደች። ፍሮይድ ይህን በቀል ነው አለ። በ1902 ግን ተመልሳ መጥታ የሆነውን ነገረችው። ከእነ አቶ ካ ልጆች አንዱ በሞተ ጊዜ ለቅሶ ልትደርስ ሄዳ፥ ለሚስቲቱ ከአባቴ ጋር ያለሽን ነገር አውቃለሁ አለቻት፤ ሰውዬውንም የሐይቁን ነገር አሳመነችው። ያ ለዓመታት የተካደባት እውነት በተበዳዪቱ ፊት በበዳዩ አንደበት ታመነ። በድርሰቱ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ መድኃኒት አላየሁም፤ የሰጣት ግን ሐኪሙ አልነበረም።

ይሁን እንጂ ይህን ሁሉ የምናውቀው ከሳሽ ስለ ጻፈው ሳይሆን ፍሮይድ ራሱ ስለ ጻፈው ነው። ታማሚ ለሌላ ሰው ያለውን ፍቅርና ጥላቻ ወደ ሐኪሙ እንደሚያዛውር በጊዜው አላስተዋልሁም ብሎም ጉድለቱን ገልጧል። ድል ያላደረገበትን ሥራ ለሕዝብ ማቅረብ የብዙ ጸሐፊዎች ጠባይ አይደለም።

ዛሬ ከትምህርቱ ብዙው ክፍል በሊቃውንት ዘንድ ተቀባይነት አጥቷል። ከእርሱ የተወለደው አጭር ሕክምና ግን ከሌሎች የንግግር ሕክምናዎች ጋር ይሠራበታል፤ በጽኑ ኀዘንና ጭንቀት የተያዙትን እንደሚረዳም በምርመራ ታይቷል። ትርጓሜው ሲያረጅ መስማቱ አላረጀም።

ስለዚህ ይህ ድርሰት ለሐኪም ብቻ ሳይሆን ለነፍስ አባት፥ ለዳኛና ለወላጅም ይጠቅማል። አንዲት ልጅ የተከበረ ሰው በደለኝ ብላ ስትመጣ ሰሚው ሁለት ፈተና አለበት፤ ፊተኛው የሆነውን ማመን፥ ሁለተኛውም የተሰማትን እርሷ እንደ ነገረችው መቀበል ነው። አባቷ በፊተኛው ወደቀ፤ ፍሮይድ ፊተኛውን አልፎ በሁለተኛው ወደቀ። ድርሰቱን የሚያነብ ሰውም፥ የሐኪሙን ትርጓሜ ለጊዜው ወደ ጎን አድርጎ፥ ብላቴናይቱ የተናገረችውን ብቻ አስቀድሞ እየለየ ቢያነብ መልካም ነው፤ ቃሏ ጥቂት ቢሆንም ግልጥ ነውና።