እስቲ ቅመሽልኝ

ጠላ (በኦሮምኛ ፋርሶ) በሚጠመቅባት ቡራዩ፣ ለጽዋ ማኅበር ወይም ለበዓል የጠመቀች እናት ለእንግዳ ከመቅዳቷ በፊት ጎረቤቷን ትጠራለች፤ «እስቲ ቅመሽልኝ!»

ቀማሿ መጀመሪያ ታሸታለች፤ ጋኑ በወይራና በጥንጁት በደንብ መታጠኑ ያኔ ይታወቃል። ከዚያ ጎንጨት አድርጋ ምላሷ ላይ ታቆየዋለች። «እንኩሮው ትንሽ አርሯል፤ ጌሾውም በርትቷል። ለሚቀጥለው ቀነስ አድርጊው፤ ለጥንስሱ ግን እጅሽ ይባረክ!»

ጠማቂዋ አትቀየምም። ጌሾ ቢበዛ ጠላው ይመራል፤ ቢያንስ ቶሎ ይሆመጥጣል። ብዙዎቹ ጠማቂዎች ልኩን ያወቁት እንዲህ ባለው የጎረቤት ምላስ ነው። የሙያ ትምህርት ቤታቸው ይኸው ነው፤ ሊከበርም ይገባዋል።

እናንተም ጎረቤታችሁ ስታስቀምሳችሁ «ግሩም ነው» ብቻ ብላችሁ አትለፏት፤ የጎደለውን በፍቅር ንገሯት።