ቴርሞስታቱ ያልነገረን

“ኢንዛይም የራሱን ምርት እንደ ቦይለር ቴርሞስታት ይቆጣጠራል” ሲባል እኛ ኢንጂነሮች ደስ ይለናል። ግን ማብራሪያው ጎደሎ ነው።

አርባ ምንጭ ላይ ድሮ ለወባ ይዋጥ የነበረውን ፋንሲዳር አስቡት። አንዱ ንጥረ ነገሩ፣ ፓይሪሜታሚን፣ ዲኤችኤፍአር የተባለውን ኢንዛይም ያግዳል። ኢንዛይሙ በእኛም በወባ ተውሳክም አለ፤ ሲበዛ ዘረመሉን ሳይሆን የራሱን መልዕክተኛ አርኤንኤ ይዞ “ይበቃል!” ይላል።

ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው፦ የእኛው እንዲህ ያለ መድኃኒት ሲይዘው አርኤንኤውን ይለቃል፣ ምትክ ይመረታል። የተውሳኩ ግን አይለቅም። ዣንግና ራቶድ ይህን ያሳዩት በ2002 እ.ኤ.አ. ነው። መድኃኒቱ ተውሳኩን ለይቶ የሚጎዳበት አንዱ ምክንያት ይሄው ነው።

ተውሳኩ ግን በሌላ በር አመለጠ፤ የኢንዛይሙ ዘረመል ተለወጠና መድኃኒቱ በደንብ አልይዝ አለው። ኢትዮጵያም በ2004 እ.ኤ.አ. ወደ ኮአርተም ዞረች።

ስለዚህ “ቴርሞስታት” ሲሏችሁ፣ “ሲነካ ምን ያደርጋል?” ብላችሁ ጠይቁ።