«ጥቅም» ስለሚባለው ቃል

የኤኮኖሚ ትምህርት በአማርኛ ሲገለጥ፣ ፈረንጆች «ዩቲሊቲ» የሚሉትን ነገር «ጥቅም» ማለት የተለመደ ነው። ይህ ትርጉም ሳይመረመር የተወሰደ ይመስለናል።

በአገራችን አነጋገር አንድ ነገር ጠቀመ ሲባል «ማንን?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ተቃራኒውም ጉዳት ነው። አረቄ ፈላጊ ሞልቶታል፤ ነገር ግን ጠጪው ራሱ «ምን ይጠቅማል ብለህ ነው» ሲል እንሰማለን። አዳም ስሚዝም በ1776 (እንደ አውሮጳ አቆጣጠር) ውሃ እጅግ እንደሚጠቅም፣ አልማዝ ግን ከጥቂት በቀር እንደማይጠቅም ሲጽፍ የተናገረው እንደ እኛ ባላገር ነው። በ1871 ጄቮንስ ይህን ለወጠው፤ ሰው የፈለገውና የደከመለት ሁሉ «ዩቲሊቲ» አለው አለ። እንግዲህ አረቄውም አልማዙም ገቡ ማለት ነው።

ነገሩ የቃል ጨዋታ አለመሆኑን በእስቴ፣ በመካነ ኢየሱስ ዙሪያ ካለው ባሕር ዛፍ መረዳት ይቻላል። ዛፉ ቶሎ ያድጋል፤ ለቤት መሥሪያና ለማገዶ ይሸጣል። ተካዩ «ጠቀመኝ» ይላል። ሥሩ ርጥበቱን የሚሻማበት፣ ጥላው እህሉን የሚያቀጭጭበት የማሳ ጎረቤቱ ግን «ጎዳኝ» ይላል። የገበያው ዋጋ የሚናገረው የተካዩንና የገዢውን ነገር ብቻ ነው። በየደብሩ ቅጥር የቆሙት ጥድና ወይራ ደግሞ ለገበያ ስለማይቀርቡ ዋጋ የላቸውም፤ ጥቅም የላቸውም የሚል ሽማግሌ ግን አናገኝም።

የሥነ ምግባር ፈላስፋው ቤንታም በ1789 ጥቅምን የበጎ ሥራ መለኪያ ሲያደርግ፣ ነገሩ የሚነካቸውን ሁሉ ደስታና ሕመም ደምሮ ነው። በእርሱ ሒሳብ የማሳው ጎረቤትም ይቆጠራል። አማርኛ ከዚህም አልፎ ይሄዳል፦ «ጠቃሚ» ምስጋና፣ «ጥቅመኛ» ስድብ ነው። ከአንድ ሥር የወጡ ሁለት ቃላት እንዲህ መራራቃቸው ሊታሰብበት ይገባል።

ጣሊያናዊው ፓሬቶ ይህን ችግር አይቶ በ1896 ከግሪክ «ኦፌሊሚቴ» የሚል ልዩ ስም አውጥቶ ነበር፤ ብዙም አልተከተሉትም። እኛ ከግሪክ መበደር አያሻንም፤ «ተፈላጊነት» የሚል ቃል አለን። የትምህርት ቃል በስምምነት ይወሰናል፣ ምን ቸገራችሁ የሚሉ ይኖራሉ። በክፍል ውስጥ ልክ ናቸው። ነገር ግን ተማሪው ከክፍል ወጥቶ ሪፖርት ሲጽፍ፣ በዋጋው ብቻ ተመርቶ «ባሕር ዛፍ ጠቃሚ ነው» ይላል፤ ያን ጊዜ ማንን ብሎ የሚጠይቀው የለም። «ተፈላጊ ነው» ቢል ግን ጎረቤቱ የሚናገርበት ቃል አይወሰድበትም ነበር።