ከአዋቂ ካናቴራ የሚወጣ የልጅ እጀ ጠባብ

የመካከለኛውን ዘመን አውሮፓ ለሚያስታውሱ በዓላትና ትርኢቶች ወላጆች ከቤት ውስጥ አሮጌ ልብስ ለልጆቻቸው የሚያዘጋጁት አልባስ፣ ርካሽ በመሆኑ ብቻ ሳይሆን ለዘመኑ የስፌት ጥበብ በመቅረቡም ሊደነቅ ይገባዋል። የዚያ ዘመን ዋና ልብስ ቱኒክ፣ ማለትም በራስ በኩል ተጠልቆ ወገብ ላይ የሚታሰር እጀ ጠባብ፣ በአብዛኛው ቀጥ ብለው ከተቆረጡ ቁራጮች ይሰፋ ስለነበር ጨርቅ እምብዛም አይባክንበትም ነበር። ዴንማርካዊው ተመራማሪ ፖል ኖርሉንድ በ1921 እ.ኤ.አ. በግሪንላንድ፣ ሄርዮልፍስነስ ከተባለ የመቃብር ስፍራ ቆፍሮ ያወጣቸው የሱፍ ልብሶች፣ የሕፃናቱም ጭምር ያሉባቸው፣ የቀሚሱን ታች የሚያሰፉ ሦስት ማዕዘን ቅጥያዎች እንዴት እንደሚገቡ በግልጽ ያሳያሉ። የአዋቂ ካናቴራ ለትንሽ ልጅ እስከ ጉልበት ስለሚወርድ፣ እጅጌው ጠበብ ተደርጎ በመቀነት ሲታሰር ያንኑ ቅርጽ ይይዛል፤ በተለይም ጽሑፍ የሌለበትና በእጥበት ብዛት ቀለሙ የደበዘዘ ከሆነ በእጽዋት ቀለም የተነከረ ይመስላል። ከሁሉ የሚያምረው ግን ከአሮጌ የሱፍ ብርድ ልብስ የሚቆረጠው፣ ትከሻን የሚሸፍን ባለቆብ ካባ ነው፤ በሄርዮልፍስነስም መሰሎቹ ተገኝተዋል።