የቮልስ ሽቦ

ኮልፌ ቀራኒዮ ውስጥ አሮጌ ቮልስ ሲያልፍ ሰው ቀለሙን ያያል። እኔ የማደንቀው የማይታየውን፣ ሽቦው ተነቅሎ እንደ አዲስ የተዘረጋለትን ነው። የዓመታት ሙቀት ያደረቀው ሽፋን ይሰነጠቃል፤ የተራቆተው መዳብ ቦዲውን ሲነካ ፊውዝ ይቃጠላል፣ ሲብስም እሳት ይነሳል። ናስትሮ እየጠቀለሉ ማዝገም ይቻላል (ብዙዎቻችን የምናደርገው ይህንኑ ነው)። ጎበዝ ኤሌክትሪሺያን ግን አሮጌውን የሽቦ እስር አውጥቶ መሬት ላይ ይዘረጋል፤ ርዝመቱንና ቀለሙን ተከትሎ አዲሱን ያስራል። ጀርመኖቹ ለሽቦ መጋጠሚያዎች የሰጡት ቁጥር ያግዘዋል፦ 30 ከባትሪ በቀጥታ፣ 15 ከቁልፍ በኋላ፣ 31 ቦዲ። የጥንቶቹ ቮልሶች 6 ቮልት ስለሆኑ ለተመሳሳይ መብራት እጥፍ ከረንት ይስባሉ፤ ቀጭን ሽቦ አይበቃቸውም። ቮልስ ልትገዙ ካሰባችሁ ቀለሙን ተዉትና የኋላ ወንበሩን አንሱ፤ ባትሪው እዚያ ነው፣ ሽቦውን እዩ።